የዋልያንና የፍየልን ነገር ሂስቶን ይፈርዳል ወይ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የዋልያና የፍየል ሂስቶን ኤች4 አንድ ሆኖ ከተገኘ፣ ዋልያ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው መባሉ ይቅር።»

አዘዞ፦ እደግፋለሁ። ዲኤንኤ የሚጠመጠመው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው፤ ኤች4 ከእነሱ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መሠረታዊ ፕሮቲን አንድ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ማራኪ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ፍርድ የማይሆነው እኮ መሠረታዊ ስለሆነ ነው! ኤች4 102 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) አለው። የጥጃና የአተር ሲነጻጸር የተለያዩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ 60ኛው ላይ ጥጃ ቫሊን፣ አተር አይሶሉሲን፤ 77ኛው ላይ ጥጃ ላይሲን፣ አተር አርጂኒን። የሰውና የላም ደግሞ ጭራሽ አንድ ነው። ሰውን ከላም ያልለየ ሚዛን ዋልያን ከፍየል እንዴት ይለያል? የፕሮቲን ዳታቤዝ ላይ የምታዩ ደግሞ ልብ በሉ፤ የመነሻው አሚኖ አሲድ ሜቲዮኒን ስለሚቆጠር ርዝመቱ 103 ይሆናል፣ 77ኛውም 78ኛ ላይ ነው የሚገኘው።

አዘዞ፦ እሺ፣ ሌላው ሂስቶን ኤች1ስ? እሱ ይለዋወጣል አይደል?

አራዳ፦ ይለዋወጣል፣ ግን ያሳስታል። መሃሉ ላይ ያለው 80 ገደማ አሚኖ አሲድ ብዙም አይነካም። ለውጡ የሚበዛው ጅራቱ ላይ ነው፤ እዚያ ላይሲን፣ አላኒንና ፕሮሊን እየተደጋገሙ ስለሚመጡ የሁለቱን እንስሳት ፕሮቲን ጎን ለጎን የሚያሰልፈው ሶፍትዌር የትኛውን ላይሲን ከየትኛው ጋር እንደሚያሰልፍ ይጠፋዋል። ክፍተቱን ያለቦታው ካስገባ፣ አንድ ጊዜ የወደቀች ቁራጭ ብዙ ለውጥ መስላ ትቆጠራለች። መሃሉን ለብቻ አሰልፉ፣ የጅራቱን ክፍተት በዓይናችሁ እዩ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ አጥቢ እንስሳ ኤች1ን የሚሠሩ በርካታ ጂኖች አሉት። ከዋልያው አንዱን፣ ከፍየሉ ሌላውን ካመጣችሁ የቆጠራችሁት የዝርያ ልዩነት አይደለም። የሌላው ሂስቶን የኤች3 ሁለት ዓይነቶች፣ ኤች3.1 እና ኤች3.3 እንኳ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ እያሉ በ5 አሚኖ አሲድ ይለያያሉ።

አዘዞ፦ ታዲያ በምን ይፈረድ? ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ፒያሳ፦ ልጄ፣ ወደ ዲኤንኤው ውረድ። ላይሲን በዲኤንኤው ሦስት ፊደል፣ በ«ኤኤኤ»ም በ«ኤኤጂ»ም ይጻፋል፤ ፕሮቲኑ ሳይለወጥ ጂኑ ሊለወጥ ይችላል። ለቅርብ ዘመዳሞች የማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ዲኤንኤ ይሻላል፤ እሱ ግን ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። ከፍየል አባትና ከዋልያ እናት የተወለደ ዲቃላ በማይቶኮንድሪያው ንጹሕ ዋልያ ይመስላል። ስለዚህ ከኒውክለሱም (ከሴሉ እምብርት) ዲኤንኤ በርካታ ቦታ፣ ከአንድ በላይ እንስሳ ያስፈልጋል።

አዘዞ፦ ኤች4ን አንሥቻለሁ። ግን ስንት ልዩነት ሲገኝ ነው «ዝርያ» የምንለው? እሱን አላስረዳችሁኝም።

ማራኪ፦ ቁጥሩ ብቻውን አይወስነውም። ለብቻው እየተራባ መኖሩንም አብረን እናያለን።