የባልትና መምህራን የወላጅነትን የሸማችነት ጎን እንዲያስተምሩ እንዴት እናሠልጥናቸው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ባልትና ለሚያስተምሩ 20 መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። አብዛኞቹ የምግብ ዝግጅትን፣ ስፌትንና የሕፃናት አያያዝን በሚገባ ያስተምራሉ፤ ልጅ ሲወለድ ግን ቤተሰቡ አዲስ ገዢ እንደሚሆን፣ ሻጩም ይህንኑ አውቆ እንደሚቀርበው የሚያስረዱበት ትምህርት የላቸውም። ባለፈው ዓመት የሰጠሁት ሥልጠና በንግግር ብቻ ስላለቀ፣ መምህራኑ ያነበብኩላቸውን መልሰው ለተማሪዎቻቸው አነበቡላቸው። ዘንድሮ ከምን ልጀምር?

የመጀመሪያ መልስ
ከአንድ ቆርቆሮ የሕፃናት ዱቄት ወተት ይጀምሩ፤ ስሌቱንም መምህራኑ ራሳቸው ይሥሩት። 5 ኪሎ የሚመዝንና በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን፣ በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ፣ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለዚህ ወደ 100 ግራም ዱቄት ስለሚያስፈልግ 400 ግራም የሚይዘው ቆርቆሮ አራት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል፤ በወር ሰባት ወይም ስምንት ቆርቆሮ ማለት ነው። ይህን በየሰፈራቸው ሱቅ ዋጋ አባዝተው ከደመወዛቸው ጋር ያስተያዩት። አንዳንድ እናቶች ዱቄቱን ለምን እንደሚያሳንሱ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ቆርቆሮው እንዲበረክትላቸው ብለው ያቀጥኑታል፣ የቀጠነው ወተት ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሕፃኑን አያሳድግም። ቀጥሎ የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ይስጧቸው። ደንቡ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትን፣ በማሸጊያው ላይም የሕፃን ሥዕል ማተምን ይከለክላል። በእጃቸው ያለው ቆርቆሮ ይህን ያከብር እንደሆነ ራሳቸው ይመርምሩ።

ሁለተኛ መልስ
በነርስነት ስላገለገልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መምህሯ ሳታስበው ዱቄት ወተት የምትገዛን እናት እንዳታሸማቅቅ አብራችሁ አሠልጥኑ፤ ከተማሪዎቹ መካከል እናቱ በወሊድ የሞተችበት ሊኖር ይችላልና። በ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ሲሆን፣ ጡት ብቻ እንዲሰጥ የሚመከረው ግን እስከ ስድስት ወር ነው። በመካከል የሚቀሩት ሦስት ወራት ወደ ሥራ የምትመለስን እናት ወደ ግዢ ሊገፏት ይችላሉ፤ ስለዚህ የጡት ወተትን አልቦ (ጨምቆ) ማስቀመጥ ምን እንደሚያስወጣና ከዱቄቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሚያድን ከስሌቱ ጋር ቢገባ መልካም ነው። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ባልቀዘቀዘ ውኃ መበጥበጥ እንዳለበትም አይዘንጋ፤ የማገዶውና የከሰሉ ዋጋም ወጪ ነውና ይቆጠር።

ሦስተኛ መልስ
እኔ የምጨነቀው ለሦስተኛው ቀን ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከራሱ ገበያ አንድ ዕቃ ይዞ ይምጣና ለ20 ደቂቃ ያስተምርበት። አንዱ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የእህልና የጥራጥሬ ምጥን ከታሸገው የሕፃናት ምግብ ጋር በኪሎ ዋጋ ያወዳድር፤ ሌላዋ ገዢዎች በማያነቡት ቋንቋ ስለተጻፈ ማሸጊያ ባለሱቁን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ታሳይ፤ ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን የከለከለችውን ባለ ጎማ የሕፃን መራመጃ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ባልደረቦቹ እንደ እናት፣ እንደ አባትና እንደ ባለሱቅ ሆነው ይሟገቱት። መምህር ራሱ ተከራክሮ ያላሸነፈበትን ጉዳይ ለተማሪ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ አላየሁም።

የጠያቂዋ ምላሽ
ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ቀን በቆርቆሮው እከፍታለሁ፤ ሠልጣኞቹም ከመምጣታቸው በፊት የየሰፈራቸውን ዋጋ መዝግበው እንዲያመጡ በነገው ደብዳቤ ላይ እጽፍላቸዋለሁ።