መለኪያ በሌለው ጅረት ላይ የ50 ዓመት ጎርፍ እንዴት ይገመታል?

ጠያቂ፣ ከቀወት
ጤና ይስጥልኝ። ከጣርማ በር ገደል ሥር ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ በሚወርድ አንድ ጅረት ላይ፣ ሽንኩርትና ማሾ ለሚያለሙ ገበሬዎች የመስኖ ጠለፋ ልንሠራ ነው። የቀድሞውን ጠለፋ የነሐሴ ደራሽ ውሃ ነቅሎ ስለወሰደው፣ አዲሱ «የ50 ዓመት ጎርፍ» እንዲችል ተብለናል። ተፋሰሱ ወደ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የውሃ መለኪያ ጣቢያ ግን ኖሮት አያውቅም። ለመሆኑ ይህ ጎርፍ አንዴ ከመጣ 50 ዓመት አይመለስም ማለት ነው? መጠኑንስ በምን እናውቃለን?

መላሽ 1
አይደለም። በየትኛውም ዓመት ያን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ጎርፍ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደገም ይችላል። ጠለፋው 25 ዓመት እንዲያገለግል ከታሰበ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚገጥመው ዕድል ወደ 40 በመቶ ይደርሳልና ቁጥሩን እንደ ዋስትና አትዩት።

መላሽ 2
የበሬሳ ወንዝ ደብረ ብርሃን አጠገብ መለኪያ አለው። የየዓመቱን ከፍተኛ ፍሰት ወስዶ በጉምብል ስሌት (ካለፉት ከፍተኛ ፍሰቶች ተነሥቶ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ጎርፍ በሚገምት የስታቲስቲክስ ዘዴ) የ50 ዓመቱን ማውጣት፣ ከዚያም በተፋሰስ ስፋት ማመጣጠን አይቻልም?

መላሽ 3
ለበሬሳ ስሌቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ጅረት ግን አልመክርም። በሬሳ በሜዳማው ደጋ ላይ አልፎ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ የጠያቂው ጅረት ግን ከገደል ወደ አዋሽ በኩል የሚወርድ በመሆኑ፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው በአጭር ጊዜ ተሰብስቦ ይደርሳል። ከሸዋ ሮቢት የዝናብ መዝገብ ብቻ መነሣትም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጎርፉን ምልክት ፈልጉ። ቀጥ ያለ የጅረቱን ክፍል መርጣችሁ፣ በዳርቻው ቁጥቋጦ ላይ የቀረውን ገለባና ጭራሮ ከፍታ ቢያንስ በሦስት ቦታ ለኩ። በዛፍ ግንድ ፊት ለፊት ያለው ምልክት ውሃው ተጋጭቶ የወጣበት ስለሆነ ከእውነተኛው ከፍታ ይበልጣል፤ እሱን ተዉት። ወርዱ፣ ጥልቀቱና ተዳፋቱ ከታወቀ፣ የወለሉን ሸካራነት በቁጥር ጨምሮ የሚያሰላው የማኒንግ ቀመር ፍሰቱን ይሰጣል።

ጠያቂ፣ ከቀወት
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት አባቶች ለየብቻ ተጠይቀው ያሳዩን ምልክት አንድ ሆነ፤ በ60 ዓመት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ አላየንም ይላሉ። ወርዱ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወለሉ በ100 ሜትር 1 ሜትር ይወርዳል፤ ትላልቅ ድንጋይም ሞልቶበታል።

መላሽ 3
ሸካራነቱን 0.05 ብንይዝ ፍሰቱ ወደ 63 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል፤ 0.04 ብንል ደግሞ ወደ 79 ይወጣል። አንድ ቁጥር ብቻ መለወጥ ይህን ያህል ስለሚያራርቅ ሁለቱንም ያዙ። የ60 ዓመት ትልቁ ጎርፍ በደረጃ ቀመሩ (የዓመታቱ ብዛት ሲደመር 1፣ ለጎርፉ ደረጃ ሲካፈል) የ61 ዓመት ድግግሞሽ ይሰጠዋል፤ በአንድ ጎርፍ ላይ የቆመ ግምት ግን ሰፊ ስሕተት ስለሚኖረው ከደጋው ዝናብ በሚወጣ ስሌት አስተያዩት። ለዚያ ስሌት የዝናብ መጠንን በቀጥታ በስፋት የሚያባዛው ቀላል ቀመር አይሆናችሁም፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር ለማይበልጥ ተፋሰስ ነው፣ የእናንተ ደግሞ 1,800 ሄክታር ነው። ጎርፉ ወለሉን ቆፍሮ ከሆነም የዛሬው ጥልቀት የያኔው አይደለምና አባቶችን ይህንንም ጠይቋቸው። ከዘንድሮው ክረምት ጀምሮ ድልዳሉ ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ምሰሶ አቁማችሁ የየጎርፉን ከፍታ ከነቀኑ መዝግቡ።