ለጎልፍ ካርት መንገድ ምን እናንጥፍ? አስፋልት የማይመስል ነገር ፈልገን

የሳይቱ ልጅ፦

እንዴት ከረማችሁ ወገኖች። ከጎንደር ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ሎጅ እየሠራን ነው። ባለቤቱ ከውጭ የመጣ ሰው ነው፤ ከማረፊያ ክፍሎቹ በታች ሦስት ጉድጓድ ያላት የልምምድ ጎልፍ ሜዳ አስተክሏል፣ በባትሪ የሚሄዱ ሁለት የጎልፍ ካርቶችም (ሰው የሚጭኑ ትንንሽ መኪኖች) ገብተዋል። የቀረን መንገዱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል። ላይኛው ጭንጫ ያለበት ዳገት፣ ታችኛው ሜዳማ ዋልካ። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ «አስፋልትም ግራጫ ኮንክሪትም እንዳላይ፤ ከመሬቱ የበቀለ ይምሰል።» ኮንትራክተሩ ደግሞ ቀይ አሸዋ አልብሰን በሮለር እንጠቅጥቀው ይላል። ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ለዓይን ያምራል። እኔ ግን የጎንደርን ክረምት ስለማውቀው ሆዴ አልቆረጠም። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ቀበሌ አሥራ ስድስት፦

ኮብልስቶን አንጥፉና ተገላገሉ! ጠራቢውም አንጣፊውም እዚሁ አለ፣ ድንጋዩም የአገሩ ነው። አንዱ ቢሰምጥ አንስተህ መልሰህ ትተክለዋለህ። ኮንክሪት እንዲህ ይሆንልሃል?

ጋሽ መዶሻ፦

የኮብልስቶኑ ሰው ግማሽ እውነት ተናግሯል። መነሳትና መመለስ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን የጎልፍ ካርት ጎማ ትንሽ ነው፣ ስፕሪንጉም ቀላል ነው። በእጅ የተጠረበ ኮብል ደግሞ ፊቱ እኩል አይወጣም። ወገባቸውን የሚያማቸውን እናት ጭነህ ያን ሁሉ ዳገት ብታንገጫግጫቸው፣ በመልሱ «በእግሬ እሄዳለሁ» ነው የሚሉህ።

ቀይ አሸዋውን ግን ፈጽሞ ተወው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ ጎማ ሲመላለስበት ይደቅቃል። በበጋ አቧራ ይሆናል፣ ሐምሌ ላይ ዳገቱን ለቆ ሜዳችሁ ሣር ላይ ይተኛል። ፍሬው ስለማይነካከስ ብሬክ ሲያዝ ጎማው ሥር ይንከባለላል። የእንግዳው ጫማ፣ የክፍሉ ወለል፣ የካርቱ ወንበር ሁሉ ይቀላል። በዚያ ላይ የእናንተ ተዳፋት ድንጋይ ጥቁርና ቡናማ ከሆነ፣ ቀይ መንገድ ከሩቅ ነው የሚጮኸው። ፋሲል ግቢ ገብተህ እይ፦ ግድግዳው ጠቆር ያለ ባዛልት በኖራ ተያይዞ ነው፤ ቀላ ያለው ድንጋይ የገባው በሩና መስኮቱ ዙሪያ ነው። የድሮ ግንበኞች ቀይ የት ላይ እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። ጣሊያን ለጥገና ብሎ የጨመረበት ሲሚንቶ በኋላ እየተነሳ በኖራ የተተካውም በከንቱ አይደለም፤ ለድንጋዩም ለዓይንም አልተስማማም።

እኔ ብሆን አንድ ዓይነት ንጣፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልዘረጋም። ዳገቱ ጠጠር አይወድም፣ ዋልካው ኮንክሪት አይወድም። ጠጠር ዳገት ላይ ጎርፍ ይበላዋል። ዋልካ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ኮንክሪቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ላይ ኮንክሪት፣ ታች ጠጠር።

ታችኛውን በአጭሩ፦ ዋልካውን ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ቆፍረህ አውጣ፣ ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) እየሞላህ በየ15 ሳንቲሜትሩ ውኃ አጠጥተህ ጠቅጥቅ። ከላይ ከነብናኙ የተፈጨ የባዛልት ጠጠር 10 ሳንቲሜትር። ብናኙን አታስነሳው፣ ፍሬዎቹን የሚያያይዘው እሱ ነው። መሐሉ ከዳሩ ከፍ ይበል፤ ለአንድ ሜትር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይበቃል። ዋልካው ቢያብጥ ጠጠሩ አብሮ ይነሳል እንጂ አይሰበርም፤ መስከረም ላይ አንድ ቀን ደልድለህ ትጠቀጥቀዋለህ።

ዳገቱ ላይ ጠጠሩ እንዲታይ የሚታጠብ ኮንክሪት ሥራ። ቁም ነገሩ እዚህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት አፍስሰህ በስታጃ (በቀጥ ያለ ረጅም ማስተካከያ) ታስተካክላለህ። ወዲያው፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቀድመህ ያጠብከውን የአካባቢውን ጠጠር በእጅ ትዘራበታለህ። መጠኑ በገበያ ዜሮ ሁለት ከሚባለው ጠጠር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በእንጨት ፍራታዞ (የእጅ ማለስለሻ) እየተጫንክ ፍሬው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ታስገባዋለህ። ላዩ ላይ የስኳር ውኃ በመርጫ ትረጫለህ፤ ስኳር ሲሚንቶ እንዳይደርቅ ያዘገያል፣ ታችኛው ሲጠነክር ላዩ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በፕላስቲክ ሸፍነህ ታሳድረዋለህ። ጠዋት ፕላስቲኩን ገልጠህ ውኃ እያፈሰስክ በጠንካራ መጥረጊያ ትፈትገዋለህ፤ ግራጫው ጭቃ ይወርድና ድንጋዩ ብቅ ይላል። ከፍሬው ሲሦው ከታየ እዚያው አቁም፣ ከዚያ ካለፈ ፍሬው ይነቀላል። መጥረጊያውን ለጉልበተኛ ልጅ አትስጥ፣ እጁ ለሚያውቅ ስጥ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ቢያንስ ሳምንት ውኃ አጠጣው። በየሁለት ሜትር ተኩሉ መገጣጠሚያ ቁረጥለት፤ አንተ ካልቆረጥከው እሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል።

የሳይቱ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቱ አነበብኩለት። «ታጠበም አልታጠበም ኮንክሪት ኮንክሪት ነው፣ በፍሬዎቹ መሐል ግራጫው ይታያል» አለኝ። ውጭ አገር ጠጠርን በሙጫ አያይዘው ሲሠሩ አይቷል፣ እሱን ካላመጣሁ እያለ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሣር አጫጁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጎንደር፣ የማራኪ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር ክፍል ነው የምሠራ። ሙጫ ያልከው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፋብሪካ ሙጫ ነው፤ ያምራል፣ ውኃም ያሳልፋል፣ ግን ጠጠሩ በደንብ ደርቆ፣ ሙቀቱ ተለክቶ በሠለጠነ ሰው ካልተሠራ ፍሬው ይረግፋል። ጥገናውም በዚያው ሙጫ ነው፣ ያለቀባችሁ ቀን ከየት ታመጣላችሁ? ሌላው ከተፈጨ የዘር ቅርፊት የሚሠራ ማያያዣ ነው። ሜዳማ ቦታ ላይ ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ከባድ ዝናብ አይችልም።

እዚህ ካርት የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ በእግሩ ስለሚሄድ የጥንቶቹ ሜዳዎች ለካርት መንገድ ተብለው አልተነደፉም። አሁንም ጥሩ ነዳፊ መጀመሪያ የሚያስበው መንገዱን ስለመደበቅ ነው፤ ከጉብታ ጀርባ ወይም ከዛፍ ጥግ ያሳልፈዋል። ስፋቱ 2.4 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ካርቶች የሚተላለፉበት ቦታ 3 ሜትር።

ከጋሽ መዶሻ የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ጠጠሩ ሜዳው ድረስ አይድረስ። አንድ ፍሬ ሣሩ ላይ ከወጣ የማጨጃውን ምላጭ ይበላዋል፣ ያ ማሽን ደግሞ ውድ ነው። ሣራችሁ ሰርዶ ከሆነ በበኩሉ ወደ ጠጠሩ እየሳበ ይገባል፤ በዓመቱ መንገዱና ሜዳው አይለዩም። ከሜዳው አጠገብ ያለውን ሃያ ሠላሳ ሜትር ንጣፍ ድንጋይ አድርጉት። ለተጫዋቾቹ ደግሞ ንገራቸው፦ በሰው እጅ የተነጠፈ መንገድ በጎልፍ ሕግ እንቅፋት ነው፣ ኳስ እዚያ ላይ ካረፈ ያለ ቅጣት ይነሳል።

ጋሽ መዶሻ፦

የምላጩን ነገር ተቀብያለሁ፣ እኛ ሣር አናጭድም። ንጣፍ ድንጋዩ ግን በሲሚንቶ አይያያዝ፤ ከሥሩ ዋልካ ነው። አሸዋ ላይ ይቀመጥ፣ ሰርዶው መሐል ለመሐል ቢገባ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ያምራል።

ግራጫውን በተመለከተ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ቡናማ የብረት ኦክሳይድ ቀለም ጨምር። ከሲሚንቶው ክብደት በመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ይበቃል፤ ከአሥር ካለፈ ኮንክሪቱን ይጎዳል። ለባለቤቱ በወሬ አታስረዳው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሦስት ናሙናዎች አፍስስ፦ አንዱ ቀለም የሌለው፣ አንዱ ቀለም ያነሰ፣ አንዱ የበዛ። እርጥብ ሳሉ አታሳየው፣ ሁሉም ቆንጆ ነው የሚመስለው። ደርቀው ሲያበቁ እኩለ ቀን ላይ ተዳፋቱ ላይ አቁመህ ያስመርጥህ።

ከርብስቶን አታስገባ። መንገድን መንገድ የሚያስመስለው ያ ቀጥ ያለ ነጭ ጠርዝ ነው። የኮንክሪቱን ዳር ከአፈሩ እኩል አድርገህ ሣሩ እስከ አፉ ይምጣ። ከመቆፈርህ በፊት ረጅም የውኃ ጎማ መሬት ላይ ዘርግተህ መስመሩን አውጣ፣ ካርቱን ንዳበት፤ የማይመች ጥምዝ ያኔውኑ ይታወቅሃል። ቁፋሮው ደግሞ ከግንቦት አይለፍ፣ ሰኔ ከገባ ዋልካው ውስጥ ማሽን አይገባም።

አንድ ነገር አልነገርከንም። ከዳገቱ የሚወርደውን ውኃ የት ነው የምትለቁት?

የሳይቱ ልጅ፦

ናሙናውን ቅዳሜ እናፈሳለን። ውኃው በግራ በኩል ወደ ጅረቷ ነው የሚወርደው፤ በቀኝ በኩል ግን የገበሬ ማሳ አለ።

ጋሽ መዶሻ፦

እንግዲያውስ ዳገቱ ላይ መሐሉን ከፍ አታድርገው፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ይዘንበል፣ ቦዩም በግራ ብቻ ይሁን። ቦዩን ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ደልድለው፣ ቁልቁል በሚበረታበት ቦታ ደረጃ ደረጃ አብጅለት። ገበሬውንም ቁፋሮ ሳትጀምሩ አነጋግሩት።