ባሕር ማታ ያበራል እንዴ? እህቴ ከኦማን የላከችው ቪዲዮ

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሙስካት የምትሠራው እህቴ ትናንት ማታ በኢሞ ቪዲዮ ላከችልን። ማዕበሉ ዳር ላይ ሲሰበር ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል። እሷ በባዶ እግሯ ስትሄድ ደግሞ እርጥቡ አሸዋ ላይ የረገጠችበት ሁሉ ብልጭ ይልና ይጠፋል። እኛ ኮዬ ፈጬ መብራት ጠፍቶብን በሻማ ተቀምጠን ነው ያየነው፣ እናቴ «ይሄ ደህና ነገር አይደለም፣ በስመ አብ በዪ በላት» አለችኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ኤዲት ነው፣ አትሸወዱ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እውነት ነው? ከሆነስ ምንድን ነው የሚያበራው? እግሯን ነክራለች፣ ቆዳዋን አይጎዳትም? ቢሾፍቱ ወርደን የምናየው ከሆነም ንገሩኝ፣ ባሕር ድረስ የሚያደርስ ብር የለንም ሃሃ።

ሹፌሩ ከገላን፦
እውነት ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ጭነት ስንጠብቅ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ወደ ባሕሩ ዳር እንወጣለን። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ድንጋይ ስትወረውር የወደቀበት ውሃ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ረዳቴ መጀመሪያ ያየ ቀን የሮጠው ሩጫ እስካሁን ያስቀኛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ብትወረውር ምንም የለም። ደግሞ በዓይን እንደ ቪዲዮው ደማቅ አይደለም፣ ፈዘዝ ያለ ነው። ስልኩ በጨለማ ሲቀርጽ ብርሃኑን ያጎላዋል። ወንድምህ እዚያ ላይ ትንሽ እውነት አለው።

መምህር ከሰበታ፦
ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ላስረዳህ። የሚያበሩት ዲኖፍላጀሌት የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። በኦማን ባሕር በብዛት የምትታወቀው ኖክቲሉካ ናት። ለባለ አንድ ሕዋስ ግዙፍ ናት፤ ውሃውን በብርጭቆ ቀድተህ በባትሪ ብታይ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣ ውስጧ የሚያሳይ ኳስ ሆና ትታይሃለች። ሰውነቷ ውስጥ ሉሲፈሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ማዕበል ወይም እግር ሲነካት ሉሲፈሬዝ የተባለው ኢንዛይም ሉሲፈሪኑን ከኦክስጅን ጋር ያዋህደዋል፣ ብርሃን ይወጣል። አንዱ ብልጭታ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ሰማያዊ የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም፣ ባሕር ውስጥ ርቆ የሚሄደው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

ለምን ታበራለች ለሚለው፣ ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ሐሳብ አለ። ሊበላት የመጣውን ትንሽ እንስሳ ብልጭታው ያጋልጠዋል፣ እሱን የሚበላው ትልቁ ዓሣ ያየዋል። እኔ ይሄን ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ የሚወዱት ትምህርት ነው።

በኦማን በኩል በተለይ ጥርና የካቲት ላይ በብዛት ትፈላለች። እዚያ ያለችው ዓይነት ሆዷ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይዛ ስለምትኖር ቀን ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እግር መንከሩ ብዙ አያሳስብም። ነገር ግን ኖክቲሉካ አሞኒያ ታጠራቅማለች፣ በብዛት ስትሞትና ስትበሰብስ ደግሞ የውሃው ኦክስጅን ያልቅና ዓሣ ይሞታል። መርዝ የሚያመርቱ ሌሎች ዘመዶችም አሏት። ውሃው ከሸተተ ወይም የሞተ ዓሣ ዳር ላይ ከታየ እህትህ አትግባ።

ቢሾፍቱን እርሳው። የሚያበሩት ዲኖፍላጀሌቶች የጨው ባሕር ፍጥረቶች ናቸው። ጨው በሌለው ውሃ የሚያበራ እንስሳ እጅግ ብርቅ ነው፣ የሚታወቀው ኒውዚላንድ ወንዞች ውስጥ ያለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ሆራ ላይ ማታ ሲያበራ ያየኸው የሪዞርት አምፖል ነው።

ለገጣፎ ነኝ፦
መምህር፣ መርከበኞች ባሕሩ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኖ ያያሉ የሚባለውስ? እሱም ይቺው ናት?

መምህር ከሰበታ፦
አይደለችም፣ ያ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ልዩነቱ ብልጭ አይልም፣ ሳይነካ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ታዋቂው ደግሞ እዚሁ ጎረቤት ነው የታየው። በጃንዋሪ 1995 (በእኛ ጥር 1987) ሊማ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከሶማሊያ ጠረፍ ርቃ ስትጓዝ እንዲህ ያለ ባሕር ውስጥ ገባች። ለዘመናት የመርከበኛ ወሬ ነው ሲባል የኖረ ነገር፣ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜ የሳተላይት ምስል ፈትሸው በፈረንጆቹ 2005 አረጋገጡት። ስፋቱ ወደ 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፣ አዲስ አበባን ከ25 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ታይቷል።

የኮዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ሹፌሩም። ለእናቴ ነፍስ ያለው ነገር ነው ብዬ አስረዳኋት፣ «ታዲያ ለምን ትረግጠዋለች?» አለችኝ። አሁን ሌላ ጣጣ ውስጥ ገባሁ። ወንድሜ ግን ካላየሁ አላምንም እያለ ነው። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች፣ በሃይላንድ ቀድታ ብታመጣልንስ?

መምህር ከሰበታ፦
አታምጣ። ሻንጣ ውስጥ በሙቀትና በመናጥ ያልቃሉ፣ እናንተ ጋ ሲደርስ የምትነቀንቁት የጨው ውሃ ብቻ ነው። ለወንድምህ ማሳመኛ ከፈለግህ እህትህ እዚያው ጨለማ ቦታ በባልዲ ቀድታ፣ መጀመሪያ ሳትነካው ቀጥሎ በእጇ እያማሰለች ሳታቋርጥ ትቅረጽ።

ሹፌሩ ከገላን፦
ለፋሲካ ቴምር ታምጣላችሁ።