ክርክር፦ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ሜትሮሎጂ ይማር ወይስ ጥሩ አንባቢ ይበቃል?

አወያይ፦ በምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ማብቂያ ላይ ካርታ ፊት የሚቆመው ሰው ትንበያ መሥራት የሚችል ባለሙያ ይሁን ወይስ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣውን አጥርቶ የሚናገር ጋዜጠኛ? "ሁለቱም ያስፈልጋሉ" ብሎ ማምለጥ ክልክል ነው።

ደመና ቆጣሪ፦ ባለሙያ። የወቅት ትንበያ የሚሰጠው በሦስት ተከፍሎ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለአንድ አካባቢ 45፣ 35፣ 20 በመቶ ተባለ እንበል። ያልተማረ አንባቢ ሰዓት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚጥለው ቁጥሮቹን ነው። "ዘንድሮ ክረምቱ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖረዋል" ብሎ ያርፈዋል። እንደዚያ ላለመሆን ግን 55 በመቶ ዕድል አለ! ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዝራ ወይስ የሚቆይ ማሽላ የሚለውን በዚያች አረፍተ ነገር ሊወስን ይችላል።

ስቱዲዮ 2፦ ወንድሜ፣ ያ የአርታኢ ጥፋት ነው። ካሜራ ፊት መቆም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከአቅራቢው ጀርባ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ፣ ግሪን ስክሪኑ፣ ላይ ካርታ የለም፤ አቅራቢው ካርታውን የሚያየው በግራና በቀኝ ባሉት ሞኒተሮች ነው። ያልለመደ ሰው ጎንደርን ላሳይ ብሎ እጁን ሲያነሳ ሐረር ላይ ያርፋል። አረንጓዴ ከለበሰ ደረቱ ላይ ደመና ይሄዳል። ግድግዳው አጠገብ ከቆመ ጥላው ያርፍበትና ክሮማው፣ ማለትም አረንጓዴውን በካርታ የሚተካው ዘዴ፣ የትከሻውን ጠርዝ ይበላዋል፤ ስለዚህ ወደ 2 ሜትር ያህል ራቅ ማለት አለበት። የሚያብለጨልጭ ጌጥም አረንጓዴውን ስለሚመልስ ቀዳዳ ይሠራል። በዚያ ላይ እንደ ዜና አንባቢው ጽሑፍ ተደርድሮ አይጠብቀውም፤ ካርታውን እያየ ከራሱ ነው የሚናገረው። ዜናው ከረዘመ ደግሞ ዳይሬክተሩ በጆሮው "2 ደቂቃህ 40 ሴኮንድ ሆናለች" ይለዋል። ይህን ዲግሪ አያስተምርም።

ጉም፦ ስቱዲዮ፣ ክርክሩን ራስህ ዘጋህልን እኮ። ያለ ጽሑፍ የሚናገር፣ 2 ደቂቃውን ወደ 40 ሴኮንድ የሚያሳጥር ሰው የቱ እንደሚቆረጥ ካላወቀ ምን ሊጥል ነው? አንድ ምሳሌ ልስጥህ። "አዲስ አበባ ከፍተኛው 23 ዲግሪ" ይባላል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ግድም። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ 6 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ነው። ቁጥሩ የአንድ የአየር መለኪያ ጣቢያ ልኬት መሆኑን የሚያውቅ አቅራቢ "ሽቅብ ያላችሁ ደረብ አድርጉ" ለማለት 3 ሴኮንድ ይበቃዋል። ማለዳ ላይ ግን በዚህ ስሌት መሄድ አይቻልም። በበጋ፣ በጠራ ሌሊት፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆና ሜዳ ይወርዳል፤ ውርጩ ከተራራው ይልቅ ዝቅ ያለውን ማሳ ሊመታ ይችላል። ይህን ያልተማረ ሰው በድፍረት ተቃራኒውን ይናገራል።

ደመና ቆጣሪ፦ የሰዓቱንም ነገር ልጨምር። ትንበያውን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ዋናዎቹ ሞዴሎች ሥራ ከሚጀምሩባቸው ሰዓታት አንዱ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የአሜሪካው ሞዴል የነገውን ውጤት የሚያወጣው ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ሲጠጋ ነው፤ ማለትም አቅራቢው ሜካፕ ወንበር ላይ ሳለ። ጠዋት የተዘጋጀው ካርታ ካፊያ ብሎ አዲሱ ከባድ ዝናብ ቢያሳይ፣ አንባቢ የተሰጠውን ያነባል። ባለሙያ ስልክ ያነሳል።

ስቱዲዮ 2፦ ስልክ ያነሳ ባለሙያ አይሳሳትም? ማይክል ፊሽ የእንግሊዝ ሜት ኦፊስ ሰው ነበር፣ ቢቢሲ ላይ የቆመ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1987 ቀን ላይ የሀሪኬኑን ወሬ በፈገግታ አጣጣለው። ያን ሌሊት የመጣው አውሎ ነፋስ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ 18 ሰው ገደለ።

ጉም፦ ያን ቀን የሳተው ትንበያው ነው፤ አውሎ ነፋሱ ወደ ደቡብ ያዘነብላል ተብሎ ነበር። አንባቢ ቢሆን ኖሮም ያንኑ ያነብ ነበር። ፊሽ እስከ 2004 ድረስ ሠራ፣ ያቺ አረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ስሙን አልለቀቀችውም። በዚህ ሙያ የሚያስጨንቀው ይሄ ነው፦ ሞዴሉ ፊት የለውም፣ ተመልካች የሚይዘው ፊቱን ያየውን ሰው ነው። ለሚወቀስበት ነገር ቢያንስ እውቀቱ ይኑረው።

ስቱዲዮ 2፦ እሺ፣ ግን አሜሪካኖቹ እንኳ በሕግ አላስገደዱም። የሜትሮሎጂ ማኅበራቸው ከ1957 ጀምሮ ለአቅራቢዎች የዕውቅና ማኅተም ይሰጥ ነበር፣ በ2005 ደግሞ ዲግሪ፣ የጽሑፍ ፈተናና በአየር ላይ የቀረበ ሥራ ግምገማ ያለበትን ምስክር ወረቀት አመጣ። የፈለገ ይወስዳል፣ ጣቢያው ባይጠይቅስ? የሜትሮሎጂ ዲግሪ የሌለው አል ሮከር በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ስንት ዓመት ቆየ። እኛም ፈተና እናውጣ፤ ዲግሪውን ግን ግዴታ አታድርጉት።

ደመና ቆጣሪ፦ ፈተናውስ ይሁን። ግን "ከባድ ዝናብ" ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር 1 ሊትር መሆኑን፣ የትናንቱ ዝናብ የሚለካው ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሆኑን ሁሉ ይጠይቅ። ያን ካለፈ ጋዜጠኛ ብትለውም አልጣላህም።

ጉም፦ አራሚውስ? ጣቢያው ራሱ ካረመው እኔ አልገባበትም።