ሐረር የራምቦ ቤት፦ እናቴንና ልጄን ይዤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የለቡዋ

ሰላም ወገን። የምኖረው ለቡ፣ ፉሪ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለብኝ። እግረ መንገዴን ሐረር ወጥቼ ያንን ባለቀለም መስታወት ፎቅ፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚሉትን፣ ማየት ፈልጌያለሁ። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሄዳል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መስታወት፤ ያ ሁሉ የተፈለፈለ እንጨት! እኛ ሰፈር እኮ ያለው ግራጫ ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቀለም ናፍቆኛል።

ባለቤቴ ግን «ለአንድ ፈረንሳዊ ቤት ብለሽ ነው እማማን ዳገት ለዳገት የምታንከራትቻቸው?» ይለኛል። እማማ እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅም አለኝ፤ ሙዚየም ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር።

እና ቤቱ በእውን ያምራል ወይስ ፎቶ ላይ ብቻ ነው? ደረጃው እንዴት ነው? ከድሬ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል? በባቡር የሄዳችሁ ካላችሁም ንገሩኝ።

ድሬ ናፋቂ

በደንብ ይሆናል። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ደንገጎ ዳገት ላይ ግን መንገዱ ይጠማዘዛል። ልጅሽን መኪና የሚያመው ከሆነ ሎሚ ያዢ። ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም፤ ጣቢያው ጎረቤትሽ ስለሆነ ሄደሽ ቀኑን ጠይቂ። መታወቂያም አትርሺ። ሰው የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ አዲሱ የድሬ ባቡር ጣቢያ ከዚራ መሃል ያለው የድሮው ለገሃር አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከዚያ ሌላ ትራንስፖርት ያስፈልግሻል፤ ዋጋ ሳትነጋገሪ እንዳትገቢ።

አናጢው ከሱሉልታ

እህቴ፣ ሂጂ። ግን ለራምቦ ብለሽ አትሂጂ።

እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ሱሉልታ ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ዘንድሮ ሰው አልሙኒየም ካልሆነ አይልም እንጂ። ያንን ቤት ያየሁት በሙያዬ ዓይን ነው። ይዞን የገባው አስጎብኚ «ራምቦ እዚህ ይተኛ ነበር» እያለ ሲያስረዳ እኔ መስኮቱ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ራምቦ እዚያ ፎቅ ላይ አልተኛም፤ ሊተኛም አይችልም። ሰውዬው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ በ37 ዓመቱ። ፎቁ የተሠራው ከእሱ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ያሠራውም የህንድ ነጋዴ ነው። ቀድሞ ቦታው ላይ በነበረ ሌላ ቤት ራምቦ ኖሮበታል ይባላል፤ እሱም «ይባላል» ነው። ሐረር መጀመሪያ የገባው በ1880፣ ግብፆች ከተማዋን ይዘው በነበረበት ጊዜ ነው። የመጣው ደግሞ ግጥም ሊጽፍ አይደለም። የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እርግፍ አድርጎ ትቶታል።

ለባለቤትሽ ግን ይህን ንገሪው፦ «ፈረንሳዊው» ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ታጁራ፣ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በ1887 ሸዋ ገባ። ሊሸጥ ያሰበው ለምኒልክ ነው። ንጉሡን ያገኛቸውም እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ምኒልክ በዋጋ የሚሸወዱ ሰው አልነበሩም፤ ባሰበው ሳይሆን ባሉት ዋጋ ወሰዱለት። ገንዘቡንም «ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል» ብለው ወረቀት ሰጡት። መኮንን የጃንሆይ አባት ናቸው፤ ያኔ ሐረርን ገና መረከባቸው ነበር። እኔ እንጦጦን በታክሲ ስወርድ ያ ነጋዴ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። እዚህ ያሉ ደንበኞቼም ቀሪ ሂሳብ ሲሉኝ እንደዚያው ነው የሚያደርጉኝ።

አሁን ወደ ቤቱ። ከፊት ለፊቱ ቆመሽ አንጋጥጪ። ጣሪያው ሥር ያለው እንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። እንጨት ሲፈለፈል ትንሽ ስህተት ካለ ሁሉም ይሰነጠቃል፤ እዚያ የሠራው ሰው እጁ የማይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ግቢና ፎቅ ውጪ። መስታወቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዱን ቀለም ቀጫጭን እንጨት አቅፎ ይዞታል። ዛሬ እንደዚያ ዓይነት ፍሬም ሥራ ብትይኝ ከዋጋው በፊት ዕድሜዬን ነው የማስበው። ፀሐይ ሲመታው ቀይና ሰማያዊው ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ልጅሽ እጁን ዘርግቶ ቀለሙን መዳፉ ላይ ይያዘው፤ ሙዚየም መሆኑን ይረሳዋል። ኮርኒሱንም ቀና ብለሽ እይ፤ በሥዕል ያጌጠ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲያይ ኮርኒሱን ሳያይ ይወጣል።

ቤቱ የታደሰ ነው፤ ስለዚህ አዲሱና አሮጌው እንጨት የተጋጠመበትን ቦታ ፈልጊ። እኔ የታደሰ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የታደሰ ቤት ጠላቱ ቀለም ነው፤ በላይ በላዩ ሲቀባ የተፈለፈለው ሁሉ ይደፈናል። የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚያው ብሩሽ ነው።

ፎቶዎቹንም አትለፊያቸው። የድሮ ሐረር ፎቶዎች ናቸው፤ ራምቦ ራሱ በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ያነሳቸውም አሉበት። እዚህ ላይ ለሰውዬው ክብር እሰጣለሁ።

ለእናትሽ የሚከብዳት የቤቱ ደረጃ አይመስለኝም። የእንጨት ደረጃ ነው፤ መደገፊያ ይዛ ቀስ ካለች ትወጣዋለች። የሚያደክማት ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ነው። ኮረት የለበሰ ጠባብ መንገድ፣ ውረድ ውጣ። ስለዚህ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ በባጃጅ ሂዱ። ከዚያ «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል፤ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ማሽናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት ነው። እናትሽ ደከመኝ ካለች አንዱ ጋ ወንበር አይጠፋም። የተተረተረ ቀሚስ ካላትም ይዛ ትምጣ፣ ቁጭ ብላ ታሰፋለች። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሐረር ለጫት ነው።

መምህር ከጣፎ

ጋሼ፣ እንጨቱ ላይ አልከራከርዎትም። ግን ራምቦን ትንሽ ጨከኑበት። ያ ስም ባይኖር ቤቱን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ስንቱ የህንድና የአርመን ነጋዴ ቤት እዚህ አዲስ አበባ በረንዳው እየረገፈ አይደል እንዴ? ፈረንጅ ገጣሚ ያልኖረበት ቤት ዕድሉ ያው ነው። እኔ «ኖሮበታል» የሚለው ወሬ ቤቱን አድኖታል ባይ ነኝ።

የለቡዋ፣ እዚያ ድረስ ከሄድሽ አጠገቡ ያለውን የራስ ተፈሪ ቤትም ግቢ። ተፈሪ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው ይባላል። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አንድ ግለሰብ ዕድሜ ልኩን የሰበሰበው የእጅ ጽሑፍ፣ ጌጣጌጥና ሳንቲም ነው ያለበት። እንደ እኔ እንደ እኔ ከራምቦ ቤት ይልቅ ብዙ የሚቆዩት እዚያ ነው። ልጁ ጎራዴም ያያል።

አናጢው ከሱሉልታ

መምህር፣ ልክ ብለሃል፤ ስሙ አድኖታል። እኔም ይነሳ አላልኩም። የፈረንሳዊው ስም በሩ ላይ ካለ የህንዱ ነጋዴም፣ መስኮቱን የፈለፈለው አናጢም ይጠቀሱ ነው የምለው። ቢያንስ አስጎብኚዎቹ «አልጋው እዚህ ነበር» ማለቱን ይተዉልን። የራስ ተፈሪ ቤት ያልከው እውነት ነው፤ በሩን ብቻ ለማየትም ያስኬዳል።

የለቡዋ

ተባረኩ ሁላችሁም። ጋሽ አናጢው፣ የእንጦጦውን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ጠመንጃና ግመል ሲሰማ «እንግዲያው እኔም አልቀርም» አለ። እማማ ደግሞ ከወሬው ሁሉ ልብስ ሰፊዎቹን ነው የያዘችው፤ አሁን ሻንጣ ውስጥ የሚጠገን ልብስ እየመረጠች ነው።

አንድ ቀረኝ። ልጄ ጅብ ሲመገብ ማየት አለብኝ ብሎ ይዞኛል። በደርሶ መልሱ ይሆናል?

ድሬ ናፋቂ

አይሆንም። ጅቡ የሚመገበው ከመሸ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደንገጎን መውረድ አልመክርሽም። ለጅቡ ብላችሁ ከሆነ ሐረር እደሩ፤ ሰርጉ እሁድ ከሆነ ዓርብ ሂዱና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድሬ ውረዱ። አራት ከሆናችሁ ደግሞ ሚኒባስ ከመጋፋት ከድሬ ኮንትራት ያዙ። እማማን ከፊት አስቀምጧቸው፤ ሐሮማያ ሐይቅ ጋ ሲደርሱ በቀኝ በግራ ጫት የሚሸጡት ሴቶች መኪናውን ይከቡታል፤ መስኮቱን ዝጉ።