የተረት ገጸ ባሕርይ ፎቶ ደሴ ላይ፦ ልጅቷ ከጉሙ ጋር አልዋሐድ አለችኝ

ባለ ፎቶ ቤቱ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃት፣ ሰርግ እሠራለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። አያቴ በልጅነቴ የነገረችኝ ተረት እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጭራቁ፣ ዘንዶው፣ በሌሊት የምትሄደው ንግሥት። እነዚህን በፎቶ መሥራት እፈልጋለሁ። ሰው ፊታቸውን ሲያይ ታሪካቸውን እንዲጠይቅ።

ባለፈው ወር ሦስት ሞከርኩ፣ ሦስቱንም እዚህ ለጥፌያቸዋለሁ። አንዷ ባለ ክንፍ ልጅ ናት። ሌላው ጆሮው የሾለ፣ ጎራዴ የያዘ ተዋጊ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ነው የደከምኩት። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ላይ በጠዋት ጉሙን አነሳሁ። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ካባ አልብሼ ስቱዲዮ ውስጥ አነሳኋትና በፎቶሾፕ አገናኘኋቸው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ውጤቱ ግን ተቆርጣ የተለጠፈች ነው የሚመስለው። ጠርዙን አለሰለስኩ፣ ቀለሙን ቀየርኩ፣ እምቢ አለ።

ያለኝ ዕቃ አንድ ካኖን ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ ከነትሪገሩ (ፍላሹን ከካሜራው ርቆ የሚያስተኩሰው) እና አንድ ነጭ ጃንጥላ ነው። ሌላ ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም።

ለምንድን ነው የማይዋሐደው? ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው መስከረም ላይ የካፌውን ግድግዳ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። እዚያ እንዴት ላሳየው? ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ሰው «ቆንጆ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ የምፈልገው ቆም ብሎ እንዲያይ ነው።

የጦሳ ጉም

አብሽር ወንድሜ፣ ችግሩ የሚፈታ ነው። ደሴ ነው ያደግሁት፣ አሁን ኮምቦልቻ ላይ ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ። ሦስተኛዋን ፎቶ ደጋግሜ አየኋት። ጠርዙን ተወው፣ ጥፋቱ እዚያ የለም። ብርሃኑ ነው።

ጉም ውስጥ ፀሐይ አትታይም። ብርሃኑ ከላይም ከጎንም ተበትኖ ይመጣል፣ ጥላ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። አንተ ልጅቷን በአንድ ፍላሽ ከቀኝ መታሃት። የአፍንጫዋ ጥላ ጉንጯ ላይ ተስሏል። የሚያይ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዓይኑ አያምንም።

ጥቁሩንም እይ። ጉም ውስጥ ራቅ ብሎ የቆመ ነገር ጥቁር አይሆንም፣ ግራጫ ነው። እየራቀ ሲሄድ ከጉሙ ጋር አንድ ይሆናል። የልጅቷ ፀጉር ግን ከሰል መስሏል። ፎቶሾፕ ላይ ከርቭስ የሚባለውን የብርሃን ማስተካከያ ክፈትና የጥቁሩን ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ አንሳው። ከዚያ የጉሙን ቀለም ውሰድና በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ፣ በጣም ስስ አድርገህ፣ እግሯ አካባቢ ደርብ። ጉም ከሰው ኋላ ብቻ አይደለም ያለው። በእሷና በአንተ መሐልም አለ።

ሌላው የካሜራው ቁመት ነው። ተራራውን ቆመህ በዓይንህ ልክ አንስተሃል። ልጅቷን ግን ተንበርክከህ ከታች ነው ያነሳሃት፣ አገጯ ያሳብቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቦታውን አንሳ። የትኛው ሌንስ፣ ካሜራው ከመሬት ስንት ሜትር፣ ብርሃኑ ከየት፣ እዚያው ስልክህ ላይ ጻፍ። ስቱዲዮ ስትገባ ሰውየውን በዚያው ልክ አንሳ። ለጉም ከሆነ ፍላሹን ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙረህ አስነጥረው፣ ፊት ለፊት ደግሞ ነጭ አንሶላ ዘርጋ።

ግን ለምን ትለፋለህ? ሐምሌ ነው። ሌላ አገር ያለ ፎቶ አንሺ ለጉም ማሽን ይገዛል። አንተ ጠዋት በር ስትከፍት ታገኘዋለህ። ልጅቷን ይዘህ ውጣ።

ባለ ፎቶ ቤቱ

እግዜር ይስጥህ። አገጩን እኔ አላየሁትም ነበር። ውጭ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ፍላሹን ስተኩስ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነብኝ። ፎከስም አልይዝ አለኝ።

የጦሳ ጉም

ፍላሹ ካሜራው ላይ ስለነበር ነው። ከፊትህ ያለችውን የውሃ ጠብታ ሁሉ አብርቶ ይመልስልሃል። መኪና በጉም ረጅም መብራት ሲያበራ ማለት ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ መንገድ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ፍላሹን ከካሜራው አውርድ። አንድ ልጅ ከእሷ ኋላ፣ በጎን በኩል፣ ከፎቶው ውጭ ሆኖ ይያዝልህ። የፍላሹን ኃይል ከሙሉው ወደ 1/16 አውርድና ከዚያ ጀምር። የፀጉሯና የትከሻዋ ዙሪያ ይበራል፣ ጉሙም ራሱ ያበራል። ጃንጥላውን ቤት ተወው፣ ጦሳ ላይ ነፋስ ይወስደዋል።

ፎከስ የሚቸገረው ጉም ውስጥ የጨለማና የብርሃን ልዩነት ስለሚያጣ ነው። ፎከሱን የዓይኗ ጠርዝ ላይ አድርግ፣ ካልሆነ ሌንሱን በእጅህ እያዞርክ ያዝ።

አንድ ነገር አትርሳ። ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቃት ክፍል ውስጥ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ይዘህ ስትወርድ ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጥራል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ቦርሳውን ዘግተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየው።

ሰፊዋ ከኮምቦልቻ

እኔ ፎቶ አላነሳም፣ ልብስ ነው የምሰፋው። ለድራማ ክበብ ብዙ ጊዜ ሰፍቻለሁ። ወንድሜ፣ ካባው ሳቲን ነው አይደል? ሳቲን ይንጸባረቃል። የሰርግ ልብስ ያስመስለዋል። ተረት ውስጥ ያለ ሰው ልብሱ የተለበሰ መሆን አለበት። ዝናብ ያየ፣ እሾህ የያዘው።

አሮጌ ጋቢ ፈልግ። የቡና አተላ በብዙ ውሃ አፍላና ጋቢውን ዘፍዝፈህ አሳድረው። አፈር የመሰለ ቀለም ይይዛል። ጫፉን በመቀስ አትቁረጠው፣ በእጅህ ቅደደው። ቆዳ ከፈለግህ ሳልባጅ ተራ ሂድ። ዚፑ የተበላሸ የቆዳ ጃኬት በርካሽ ታገኛለህ። እጅጌው ለክንድ መከላከያ፣ ጀርባው ለቀበቶ ይሆናል። አዲስ መስሎ ካስቸገረህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው።

የጦር ልብስ ከስፖንጅ ይሠራል፣ በማስቲሽ ይያያዛል። ግን ስፕሬይ ቀለሙን ወዲያው አትርጭበት። ስፖንጅ ቀለሙን ይጠጣዋል። መጀመሪያ ኮላ ሦስት አራት ጊዜ ቀባና አድርቀው፣ ከዚያ ቀለሙን ርጭ። ከዚያ ጥቁር ቀለም በጨርቅ ስንጥቆቹ ውስጥ አሽተህ ጥረገው። ብረት ይመስላል።

ሌላ የምለው አለኝ። እዚህ ሂጃብ የሚለብሱ፣ መነሳት የሚፈልጉ ብዙ ልጆች አሉ። ሁሌ ገጸ ባሕርይዋ ፀጉሯን የፈታች ብቻ ከሆነ እነሱ ይቀራሉ። ኮፍያ ያለው ካባ፣ ፊትን ብቻ የሚያሳይ የበረሃ ተጓዥ ልብስ ይሰፋል። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ልጅ ሰፍቼላት፣ ፊቷ ብቻ ሲወጣ እንዴት እንዳማረ! ዓይኗ ላይ ኩል፣ እጇ ላይ ሂና። ሌላ ጌጥ አላስፈለጋትም።

ሐረጎ

የሰፊዋ ምክር ወርቅ ነው። ስለ ባለ ክንፏ ልጅ ፎቶህ ግን አንድ ልበል። እኔ የልደትና የምርቃት ፎቶ ላይ ነኝ። ከፍለው የሚመጡት ልጆች ክንፍ ነው የሚሉት። አትጣለው። የራስህን ለግድግዳ ሥራ፣ ክንፉን ለገበያ። አንዱ ሌላውን ያበላዋል።

ጎራዴውን ግን ውጭ ይዘህ አትውጣ። የእንጨትም ቢሆን። ጎራዴና ጠመንጃ የሚመስል ነገር ከሩቅ የሚያየው ሰው ቀልድ መሆኑን አያውቅም። የያዘው እዚያ የቆመው ልጅ ነው፣ አደጋው የእሱ ነው። እሱን ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ አንሳ። ተራራ ላይም ስትወጣ ቀድመህ ለቀበሌው ንገር፣ ወረቀት ከሰጡህ ያዝ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አጥር አጠገብ ቀንድና ክንፍ አታቁም። ሰው ቅር ይለዋል፣ ቅር መሰኘቱም ተገቢ ነው።

ባቲ ቅኝት

ልጄ፣ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ። ፎቶህን ልጄ አሳየችኝ። እጅህ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ጆሮው የሾለው ልጅ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ምን ጠፍቶት ነው እዚያ የቆመው? አንተ ካላወቅህ እኔ ከየት አመጣዋለሁ። አያትህ ጭራቁን ስትነግርህ ቀሚሱን አልነገረችህም። ምን ሊበላ እንደመጣ ነው የነገረችህ።

የአርዌን ተረት ታውቀዋለህ። ዘንዶው ነግሦ ነበር፣ ሕዝቡም ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ይባላል። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል ሰጥቶ ገደለውና በፋንታው ነገሠ። የንግሥተ ሳባ አባት ነው የሚሉት እሱን ነው። በዚህ ተረት ውስጥ ዘንዶውን ማሳየት የለብህም። ተራዋ የደረሰ አንዲት ልጅ በጉም መሐል ትቁም። የነጭ ፍየል ገመድ ትያዝ። ወደ ግራ፣ ከፎቶው ውጭ ወዳለ ነገር ትይ። እኛ ዘንዶውን ፊቷ ላይ እናየዋለን።

የሐይቅም አለልህ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ተበድላ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ውሃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ የሚል ተረት አለ። ውሃው ዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ ነጠላዋ ብቻ ደረቅ፣ በቃ። ይህን ለመሥራት ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ባለ ፎቶ ቤቱ

ጋሼ፣ ያሉኝን ሳነብ ዝም ብዬ ቀረሁ። እውነት ነው፣ ልጁ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከኢንተርኔት አይቼ ነው የሠራሁት። ፍየሏን እሞክራለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ልጅ

ስለ ግድግዳው እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ነው። በባነር አታሳትመው። ባነር ከሩቅ ለሚታይ ነው፣ ካፌ ውስጥ ሰው በአንድ ሜትር ሲያየው ነጠብጣቡ ይታያል። በፎቶ ወረቀት አሳትምና ፎም ቦርድ (ቀላል፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ላይ አስለጥፍ። ወረቀቱ ማት ይሁን። የሚያብለጨልጨው የካፌውን መስኮት መልሶ ያሳይሃል።

30 በ45 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማውጣት 3543 በ5315 ፒክስል ያስፈልጋል። ካሜራህ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ በደንብ ይበቃል። ግማሹን ቆርጠህ ከጣልህ ግን አይበቃም። ፋይሉን በቴሌግራም ስትልክልን በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላክ። ስንቱ ደንበኛ ተጨምቆ ያነሰውን ልኮ «ለምን ደበዘዘ» ይለናል።

ደግሞ ጨለማ ፎቶ ወረቀት ላይ ይብስ ይጨልማል። ስክሪኑ ከኋላ ይበራል፣ ወረቀቱ አይበራም። ስለዚህ ትልቁን ከማዘዝህ በፊት 10 በ15 አንድ አሳትምና ካፌው ውስጥ፣ በራሱ መብራት ሥር እየው።

ሰኞ ገበያ

ብዙ አትስቀል። ስምንት ይበቃል። ሁሉም በአንድ መጠን፣ በአንድ ዓይነት ጠርዝ። የፎቶው መሐል ከመሬት 150 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። ከሥሩ ስም ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «ዛሬ የእሷ ተራ ነው» ብትል ሰው ቡናውን ይዞ ይነሳል። ቴሌግራም ላይም እንደዚሁ፣ አሥሩን በአንድ ቀን አትልቀቅ። በሳምንት አንድ፣ ከነታሪኩ።

የተነሱትን ሰዎች በወረቀት አስፈርም። የት እንደሚሰቀል፣ ይሸጥ እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣ እንደሆነ። ልጆች ከሆኑ ወላጅ ይፈርም። የአክስትህ ልጅም ብትሆን። ነገ ባል ታገባለች፣ ሥራ ትገባለች፣ ፎቶው ግን እዚያው ነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ

ቤተሰብ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የአክስቴ ልጅ፣ ወንድሟ፣ የጎረቤት ነጭ ፍየል። ለቀበሌው ቀድሜ ነግሬ ነበር። ጋቢውን በቡና አተላ ሁለት ሌሊት ዘፈዘፍኩት። ሰፊዋ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ቀለሙ ልክ የመንገድ አቧራ ሆነ።

መጀመሪያ 20 ያህል ፎቶ አልሆነም። ፍየሏ ፊቷን አታዞርም። ልጅቷም ትስቅ ነበር። በኋላ ፍየሏ አንድ ነገር ሰምታ ደነገጠችና ገመዱን ሳበችው። ልጅቷም አብራ ዞረች። ያን ጊዜ ነው የተኮስኩት። ወንድሟ ከኋላ ፍላሹን በ1/16 ይዞ ነበር። ገመዱ ተወጥሯል፣ ጋቢው ከትከሻዋ ሊወድቅ ነው፣ ፊቷ ላይ ያለው ድንጋጤ የእውነት ነው። ፎቶሾፕ ላይ ምንም አልቀጠልኩበትም፣ ብርሃኑን ብቻ አስተካከልኩ።

10 በ15 አሳትሜ ካፌው ውስጥ አየሁት፣ እውነትም ጨልሞ ነበር። ብርሃኑን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ባለ ካፌው አየውና «ምንድን ነው ያየችው?» አለኝ። ከሥሩ የምጽፈውን ያን ጊዜ አገኘሁት።

ጋሼ፣ የሚቀጥለው የሐይቋ ሴት ናት። ነጠላዋ ብቻ ደረቅ ያሉኝን እንዴት እንደማሳይ ገና እያሰብኩ ነው። ቀሚሷን እስከ ጉልበት ላርሰው ወይስ ፀጉሯንም? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እሁድ እወርዳለሁ።

ሰፊዋ ከኮምቦልቻ

ፀጉሯንም አርሰው። ነጠላውን ግን ለብቻው በፌስታል ቋጥረህ ያዝ፣ ፎቶው ሊነሳ ሲል ብቻ አልብሳት። እርጥብ ቀሚስ ላይ ከቆየ ይስባል። ወፍራም ፎጣና ትኩስ ሻይ ደግሞ ይዘህ ሂድ፣ የውሃው ዳር ጠዋት ይበርዳል።